ሁለቱን ምዕራፎች አንድ ላይ አንብቧቸው

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት በዚህ ሰሞን ሳይጠየቅ ይታወቃል። ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ እንግዳ ቡናውን እንደጠጣ በዘዴ ይሸኛል፤ ታናናሾች ጮክ ብለው ከሳቁ ቁጣ አለባቸው። እኛ አቃቂ ቃሊቲ ያለነው ደግሞ ከደብረ ዘይት መንገድ የሚመጣውን የተሳቢ መኪና ጥሩምባ ዝም ማሰኘት ስለማንችል፣ ልጆቻችን ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ነው የሚያጠኑት። ወላጅ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሰማ ቤተሰብ ቴሌቪዥኑን ቢዘጋ ምን ይገርማል?

የእህቴ ልጅ ሶሻል ናት። ታሪክ ትወዳለች፤ ቢያንስ ፈተናው እስኪቃረብ ድረስ ትወድ ነበር። ባለፈው እሑድ ወርክሺቷን ሰጥታኝ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረችው አሜሪካ እንድጠይቃት አደረገችኝ። አክሲዮን ገበያው የወደቀው መቼ ነው? ጥቅምት 1929። ያኔ ፕሬዚዳንቱ ማን ነበር? ሁቨር። ኒው ዲልን ያመጣው? ሩዝቬልት፣ 1933። መጠጥ በሕግ የተከለከለው? ከ1920 እስከ 1933። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ከአፏ ይወጣል። ከወረቀቱ ውጭ አንድ ጨመርኩላት፤ «ሩዝቬልት ይህን ሁሉ ሲያደርግ እኛ ምን ላይ ነበርን?» ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሌላ ምዕራፍ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። መጽሐፉ ላይ ሌላ ምዕራፍ ነው። እስከ 1941 ያለው የኢትዮጵያ ታሪክ ለብቻው ቀርቧል፤ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ለብቻው። ለመጽሐፍ አዘጋጅ ይህ አከፋፈል ይመቻል። አቃቂ ተቀምጦ ለሚያነብ ልጅ ግን በገዛ ሰፈሩ ያለፈውን ታሪክ ይሰውርበታል ባይ ነኝ። ፈተናውም በዚህ አከፋፈል ሲያልፍ፣ ተማሪው የሁቨርን ስም ሸምድዶ ሁቨርን ከኛ ጋር የሚያገናኘውን ነገር ሳያይ ይወጣል።

ከ1919 ልጀምር። አቆጣጠሩ የመጽሐፉ ነው፤ የአውሮፓ። በዚያ ዓመት በደጃዝማች ናደው የሚመራ የኢትዮጵያ መልዕክተኛ ቡድን አሜሪካ ገባ። ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ደስታ አብረው ነበሩ። ጉዳያቸው ለጦርነቱ ድል እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለትና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1903፣ ከአሜሪካው ስኪነር ጋር ተጀምሮ የነበረውን የንግድ ውል ነገር ለማንሳት ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። በዚያው ሐምሌ ዋሽንግተንና ቺካጎ በዘር ሁከት ደም ፈሶባቸዋል። በኅዳር ደግሞ የአሜሪካ ሴኔት የቬርሳይን ውል አልቀበልም አለ፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ቃል ኪዳን የዚያው ውል ክፍል ስለነበር አሜሪካ ከማኅበሩ ውጭ ቀረች። ወርክሺቱ ላይ ይህ «አሜሪካ ፊቷን ወደ ውስጥ አዞረች» ተብሎ በአንድ መስመር ያልቃል። የመስመሩ ዋጋ የሚገባው ኢትዮጵያ በ1923 ያን ማኅበር ደጅ ጠንታ መግባቷን ጎን ለጎን ላስቀመጠ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ፕሬዚዳንት አገር በሌለችበት ቤት እኛ መጠለያ ፈለግን።

ሃያዎቹን ዓመታት አልፋቸዋለሁ። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ኒው ዮርክ ድረስ ሄደው ጄ.ጂ. ዋይት ከሚባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ መነጋገራቸውን፣ በዚያውም ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ መጋበዛቸውን ብቻ ላስታውስ። ግድቡ አልተሠራም። በ1928 ደግሞ ጦርነትን የፖለቲካ መሣሪያ ላለማድረግ ቃል የሚያስገባው የኬሎግና የብሪያን ውል መጣ። ኬሎግ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ኢትዮጵያም ውሉን ተቀበለች፤ ጣሊያንም እንዲሁ። ይህን ውል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ 1929 ነው። ተማሪዎቻችን የኢኮኖሚ ድቀቱን ሲያስቡ የሚታያቸው ኒው ዮርክ ላይ ለሾርባ የተሰለፈ ኮት ለባሽ ነው። በ1933 ከአራት አሜሪካዊ ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ አልነበረውም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታያቸው ድቀቱ በእኛም ገበያ ማለፉ ነው። የኢትዮጵያ ዋና ወጪ ንግድ ቡናና ቆዳ ነበር፤ የሁለቱም ዋጋ በዓለም ገበያ ወረደ። ገንዘባችን ደግሞ ጠገራ ብር ነው፤ ጠገራው የሚመነዘረው በያዘው የብር ማዕድን ልክ ነው። ብር ሲረክስ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ተወደደ። በ1934 የሩዝቬልት መንግሥት ብር በብዛት የሚገዛበት ሕግ ወጣና የዓለም የብር ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ያ ሕግ የወጣው የኢትዮጵያ ነጋዴ ታስቦ አልነበረም፤ በምዕራብ አሜሪካ የብር ማዕድን ያላቸው ግዛቶች ሴናተሮች ጉዳይ ነበር። ሆኖም ቅድመ አያቶቻችን በመቀነታቸው ቋጥረውት የነበረው ጠገራ ዋጋው ዋሽንግተን ላይ ተወሰነ። ኒው ዲልን ለተማሪ ማስረዳት ለሚቸግረው መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅለትም።

አሁን ወደ 1935 ልግባ። እኔ ብሆን የታሪክ ፈተናውን ግማሽ ከዚህ ዓመት አወጣው ነበር።

ከጣሊያን ጋር ወልወል ላይ የተጋጨነው በቀደመው ዓመት ማብቂያ፣ በታኅሣሥ 1934 ነው። ጣሊያን በመርከብ ወታደር እያጓጓዘ ምጽዋ ላይ ያራግፋል። ሐምሌ 3 ቀን 1935 ጃንሆይ አዲስ አበባ የሚገኘውን የአሜሪካ ጉዳይ ፈጻሚ አስጠርተው፣ አሜሪካ ያን የኬሎግ ውል ጣሊያን እንዲያከብር የምታደርግበትን መንገድ እንድትፈልግ ጠየቁ። ውሉ የአሜሪካ ሚኒስትር ስም የተጠራበት ውል ነውና ጥያቄው ተገቢ ነበር። መልሱ በሁለት ቀን ውስጥ መጣ። ቋንቋው ትሕትና የተሞላ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ጉዳዩን የመንግሥታቱ ማኅበር ይዞታልና እኛ አንገባበትም የሚል ነው። አሜሪካ አባል ያልሆነችበት ማኅበር መሆኑን ልብ ይሏል።

ቀጥሎ ነሐሴ። ነሐሴ 14 ሩዝቬልት የማኅበራዊ ዋስትናውን ሕግ ፈረመ፤ ይህ ቀን በእያንዳንዱ ወርክሺት ላይ አለ፣ ሊኖርም ይገባል። ነሐሴ 31 ደግሞ የመጀመሪያውን የገለልተኝነት ሕግ ፈረመ። በሁለቱ መካከል፣ በወሩ መጨረሻ፣ አዲስ አበባ ላይ ሪኬት የሚባል እንግሊዛዊ ከጃንሆይ መንግሥት ጋር ሰፊ የነዳጅ ፍለጋ ውል መፈራረሙ ተሰማ። ውሉ የአገሪቱን ግማሽ ያህል መሬት የሚሸፍን ሲሆን ዕድሜው 75 ዓመት ነበር። ከጀርባው የነበረው የአሜሪካው ስታንዳርድ ቫኪዩም የነዳጅ ኩባንያ መሆኑ ታወቀ። የጃንሆይ ስሌት ግልጽ ይመስለኛል፤ የአሜሪካ ኩባንያ ገንዘቡን ያፈሰሰበትን አገር የአሜሪካ መንግሥት ዝም ብሎ አያስወርርም። ብልህ ስሌት ነበር። ዋሽንግተን ግን ኩባንያውን ተጭና በቀናት ውስጥ ውሉን አስጣለችው። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ አሜሪካ ለሽማግሌዎቿ ጡረታ ቆረጠች፣ ለእኛ ደግሞ በሯን ዘጋች። ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ሕዝቡ በራሱ ቤት ተቃጥሎ ስለነበር የሌላ ሰው ቃጠሎ ማየት አልፈለገም።

መስከረም 22 ቀን 1928 በእኛ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1935 በእነሱ፣ ጣሊያን መረብን ተሻገረ። ጥቅምት 5 ሩዝቬልት የገለልተኝነት ሕጉን ሥራ ላይ አዋለ፤ መሣሪያ ለሁለቱም ተዋጊዎች አይሸጥም። ወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ጣሊያን መድፉንም አውሮፕላኑንም ራሱ ይሠራል፤ እኛ ጥይቱን እንኳ የምናገኘው በግዢ ነው። እኩል የተከለከሉ ሁለት ሰዎች እኩል አልተጎዱም። ነዳጅና የጭነት መኪና ደግሞ እንደ መሣሪያ ስላልተቆጠሩ ሕጉ አልነካቸውም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃል በኅዳር ወር ነጋዴዎቹን ተዉ ብሎ መከረ፤ ምክር እንጂ እገዳ አልነበረምና የአሜሪካ ነዳጅ ወደ ጣሊያን መጉረፉ ባሰ። የመንግሥታቱ ማኅበርም በበኩሉ ከማዕቀቡ ውስጥ ነዳጅን ሳይጨምር ቀረ፤ አንዱ ሰበብ እኛ ብንከለክል አሜሪካ ትሸጣለች የሚል ነበር። ሙሶሊኒ ራሱ፣ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ኋላ ለሂትለር መናገሩን አስተርጓሚው መዝግቦታል።

የእኛ ሰፈር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1935 አቃቂ ላይ አዲስ የራዲዮ ጣቢያ ቆሞ ነበር። የሠራው አንሳልዶ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ መሆኑ ከታሪክ ቀልዶች አንዱ ነው፤ ጣሊያን በተከለው ማሠራጫ ኢትዮጵያ ጣሊያንን ለዓለም ከሰሰች። ጃንሆይ ለውጭው ዓለም የተናገሩት በዚህ ጣቢያ ነው፤ አዲስ አበባን ያጥለቀለቁት የውጭ ጋዜጠኞችም ወሬያቸውን በዚሁ በኩል ይልኩ ነበር። ኒው ዮርክ ላይ ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ካነበበው ብዙው በአቃቂ ሜዳ ያለፈ ነው። ሜዳው የአውሮፕላን ማረፊያም ነበር፤ ከተማዋ ከመያዟ በፊት በነበሩት ሳምንታት የጣሊያን አውሮፕላኖች ደብድበውታል። ጃንሆይ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ጅቡቲ ሲሄዱም ሐዲዱ የሚወርደው በአቃቂ በኩል ነው። ይህን ሁሉ የአቃቂ ተማሪ ከመጽሐፉ አያገኘውም።

አሜሪካን ግን መንግሥቷ ብቻ አድርጎ መሳል ልክ አይደለም፤ ተማሪም እንዲህ ከጻፈ ነጥብ ሊቀነስበት ይገባል። ጆን ሮቢንሰን የቺካጎ ጥቁር አብራሪ ነው፤ በ1935 መጥቶ ትንሿን የኢትዮጵያ አየር ኃይል መራ። ኤቨረት ኮልሰን ከ1930 ጀምሮ የጃንሆይ የገንዘብ አማካሪ ነበር። ሐርለም ላይ ለኢትዮጵያ ሰልፍ ተወጣ፤ ለመዝመት የተመዘገቡትን ግን መንግሥታቸው በውጭ አገር ጦር መግባት በሕግ ያስቀጣል ብሎ አስቀራቸው። በሰኔ 1935 ጆ ሉዊስ ግዙፉን ጣሊያናዊ ቦክሰኛ ካርኔራን በስድስተኛው ዙር ሲዘርረው ጥቁር አሜሪካ የተደሰተው ለቦክሱ ብቻ አልነበረም። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። የአሜሪካ መንግሥትም ቢሆን፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለጣሊያን የኢትዮጵያን ይዞታ ሲያጸድቁለት፣ እሱ አላጸደቀም። ይህም መጻፍ አለበት።

አንዳንድ መምህራን «ፈተናው ምርጫ ነው፤ ይህን ሁሉ ማገናኘት ጊዜ ማባከን ነው» ይሉኛል። አልስማማም። የተሸመደደ ዓመት ከሌላ ዓመት ጋር ካልተሳሰረ አዳራሽ ውስጥ ይደባለቃል፤ 1933 እና 1935 ምርጫው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልጁ የሚገምተው ለዚህ ነው። የገለልተኝነት ሕጉ ወረራው ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው መፈረሙን የሚያውቅ ልጅ ግን ዓመቱን አይስተውም፤ የአገሩ ቁስል ይዞለታል። የአቆጣጠር መምታታትም በዚሁ ይፈታል፤ መስከረም 22 ቀን 1928 የኛና ጥቅምት 3 ቀን 1935 የእነሱ አንድ ቀን መሆናቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ትይዩ ጽፎ ያየ ሁለተኛ አይምታታበትም።

ጥያቄ አውጪዎችን የምለምነው ብዙ አይደለም። የ1935ቱ የአሜሪካ ሕግ በኢትዮጵያ ላይ ምን አስከተለ የሚል አንድ ጥያቄ ብታስገቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ቱቶሪያል ሁለቱን ምዕራፎች አንድ ላይ ያስተምራል፤ ቱቶሪያል የሚከተለው ፈተናን ነውና። እስከዚያው የአቃቂ ቃሊቲ የታሪክ መምህራን፣ ከቀራችሁ የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አንዱን ለ1935 ብቻ ስጡት።