የጊታር ስፒከር ላይ በረኪና አታፍስሱ

በምሽት ክበብም ሆነ በአምልኮ አዳራሽ፣ የጊታር አምፕሊፋየር ፊት ላይ ቢራ ወይም ቡና ሲፈስ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ በረኪና በውሃ በጥብጠህ እሸው። ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው። ሶፋና ምንጣፍ በዚያው ስለሚታሹ የስፒከር ጨርቅም ከእነሱ ወገን ይመስላል። እኔ ግን ይህ ልማድ ከእድፉ የከፋ ጥፋት ያደርሳል ባይ ነኝ።

ጨርቁ ሳሳ ተደርጎ የተሸመነው ድምፅ ሳይታፈን እንዲያልፍበት ነው። ድምፅ ያሳለፈ ቀዳዳ ውሃም ያሳልፋል። ከጀርባው ያለው የስፒከር ሾጣጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው የሽቦ ጥቅልም በጣም ጠባብ በሆነ የማግኔት ክፍተት ውስጥ ይመላለሳል። ወረቀቱ ሲርስ ይልፈሰፈሳል፣ ቅርጹን ይለቃል። ክፍተቱ ውስጥ ዝገት ከገባ ጥቅሉን እየፈተገ ድምፁን ያሻክረዋል። እድፉ ግን ድምፁን አንዳች አልነካውም ነበር።

ጨርቁም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የአምፕሊፋየር አምራቹ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትዊን ሪቨርብን በመሳሰሉ አምፕሊፋየሮቹ ፊት ላይ የወጠረው ብርማ ጨርቅ ከፕላስቲክ ክር የተሸመነ ነው፤ ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል። ባለሙያዎች የላላውን ለመወጠር በጥንቃቄ ፎን የሚያስጠጉትም ለዚህ ነው። አጥቦ ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ ፎኑን የሚደቅንበት ሰው ግን ሽመናውን ያጣምመዋል። የጥጥ ክር በበኩሉ በረኪና ሲነካው ይሰልላል፣ ቀለሙም ቦታ ቦታ ይነጣል። ቡና ሊለቅ ይችላል፤ በበረኪና የነጣ ቦታ ግን ወደ ቀለሙ አይመለስም።

አሮጌ ጨርቅ ላይ ንጹሕ ውሃ ብቻውን እንኳ ጉድ ይሠራል። ለዓመታት የተጠራቀመው አቧራና የሲጋራ ጭስ በእርጥበቱ ይላቀቅና ውሃው ወደሚደርቅበት ጠርዝ ይጓዛል። ማታ የአንድ ብር ሳንቲም ታህል የነበረችው እድፍ ጠዋት በቡናማ ቀለበት ተከባ ሳህን አክላ ትገኛለች። ባለቤቱ ደንግጦ እንደገና ያርሰዋል፤ ቀለበቱም ይሰፋል። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ማለት ይኸው ነው።

ጨርቁን ገንጥሎ አዲስ መወጠር የሚቀናቸውም አሉ። ለተቀደደ እስማማለሁ። ለእድፍ ብሎ የ1965 (እ.ኤ.አ.) አምፕሊፋየርን የመጀመሪያ ጨርቅ መጣል ግን ጥፋት ነው፤ የዕቃው ዋጋም ይወርዳል። በአሜሪካና በአውሮፓ አዲስ ጨርቅ ያረጀ እንዲመስል ሻይ ወይም ቡና የሚቀቡ ሰዎች እያሉ፣ እኛ እውነተኛውን አሮጌ የምንጥልበት ምክንያት አይታየኝም።

ቢራው ሲፈስ ወዲያው አምፕሊፋየሩ ይጥፋ፣ ከሶኬት ይነቀል፤ ከዚያ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳይታሽ፣ እየተጫኑ መምጠጥ ነው። የደረቀ አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ሰም ከሆነ እስኪጠነክር ተጠብቆ በጥፍር ይፈረፈራል። መታጠብ ግድ ከሆነ ጨርቁ የተወጠረበት ሰሌዳ ከሳጥኑ ይውጣ፣ ስፒከሩም ይፈታ። ይህን ለባለሙያ መተው ይሻላል፤ ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት በውስጡ ሊያቆይ ይችላል። ማጠቢያው ለብ ባለ ውሃ የተመታ የሳሙና አረፋ ነው፤ ውሃው ሳይሆን አረፋው ብቻ፣ ያውም መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ተሞክሮ። ሰሌዳው ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ከሆነ ውሃ ያሳብጠዋልና እጅ ይቆጠብ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልለቀቀ እድፍ ባለበት ይቅር። ጊታር የምትጫወቱም መድረክ የምታጸዱም፣ እባካችሁ፣ በረኪናውን ከአምፕሊፋየሩ አርቁት።