አቧራ መሳቢያው ብቻውን ሳንባን አያድንም

የዓባይን በረሃ ተሻግራችሁ ወደ ጎጃም ስትወጡ ከዳገቱ በላይ የምታገኟት ከተማ ደጀን ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ነፋሻማ ናት። በእንጨት ሥራ ቤቶች ውስጥ የሚውሉ ሰዎች የሚተነፍሱት አየር ግን ሌላ ነው። ዛሬ ላነሣላችሁ የወደድሁት ስለዚሁ አየር ነው።

አንድ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ አናጺ በሳልና በትንፋሽ ማጠር ሦስት ጊዜ ወደ እኔ መጥቷል። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። ሁለቱን ጊዜ አስም ነው ብዬ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘሁት። በሦስተኛው ግን «እሁድ እሁድስ እንዴት ነህ?» አልሁት። «እሁድማ ደኅና ነኝ ዶክተር፤ ሰኞ ከሰዓት ነው የሚነሣብኝ» አለኝ። ሥራውን አስቀድሜ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነበር። ከሥራ ቀን ጋር የሚመጣና በዕረፍት ቀን የሚሄድ ሕመም ምንጩ ሥራ ቦታው ሊሆን እንደሚችል ትልቅ ምልክት ነው።

ስለ አቧራው ስጠይቀው «አቧራ መሳቢያ ማሽን ገዝተናል እኮ» ሲል መለሰልኝ። እውነቱን ነው። ሄጄ አየሁት። ማሽኑ ጥግ ላይ ቆሟል። ቀጭንና ሽንሽን ያለው ረጅም የላስቲክ ቱቦ ተጠማዝዞ ከመላጊያው ጋር በጨርቅ ታስሯል። መጋዙና በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሰው ማሽን ግን ከምንም ጋር አልተያያዙም። የማሽኑ ከረጢት ደግሞ ሰጋቱራውን ይዞ ደቃቁን ብናኝ መልሶ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ሳንባው ግን አልዳነም።

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ወለል ላይ የምታዩት ሰጋቱራ ብዙም አይጎዳችሁም። የሚጎዳው የማይታየው ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ የሚያንሰው ብናኝ አፍንጫን አልፎ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ማሽኑ ከቆመ በኋላም ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። አፍንጫን ይቆጣል፣ አስም ያስነሣል፣ ለዓመታት ሲደጋገምም የሳንባን አቅም ይቀንሳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል፤ በተለይ የአፍንጫና በዙሪያው ያሉ ክፍት ቦታዎች ካንሰርን። ኤም ዲ ኤፍና ቺፑድ ሲቆረጡ ደግሞ ማጣበቂያቸው የሚይዘው ፎርማልዲሃይድ ይጨመርበታል።

ስለዚህ ሐኪም ስለ ቱቦ ማውራቱ አይግረማችሁ። በእኔ እምነት በእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው መድኃኒት በትክክል የተገጠመ ቱቦ ነው።

ቱቦው አቧራው ከሚነሣበት ቦታ በተቻለ መጠን ተጠግቶ ይጀምር። አንድ ስንዝር መራቅ እንኳ የመሳብ ኃይሉን እጅግ ይቀንሰዋል። ዋናው መስመር ውስጡ ልስልስ የሆነ ላሜራ ወይም ጠንካራ ቱቦ ይሁን፤ ሽንሽኑን የላስቲክ ቱቦ ከማሽኑ ጋር ለማገናኘት ብቻ በአጭሩ ተጠቀሙበት። ስፋቱንም አታጥብቡ፤ 100 ሚሊ ሜትር የነበረው ቱቦ ወደ 50 ሲጠብ የአየሩ መተላለፊያ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ከልክ በላይ ማስፋትም አይጠቅምም፤ የእንጨት ብናኝ ቱቦው ውስጥ ሳይተኛ እንዲሄድ አየሩ በሴኮንድ 20 ሜትር ገደማ መፍጠን አለበት።

ቀጥ ያለ ማዕዘን ካለው አንድ ኤልቦ ይልቅ ሁለት ዘንበል ያሉ ማጠፊያዎችን ግጠሙ። ቅርንጫፉም በቲ ሳይሆን በዋይ ቅርጽ ወደ ዋናው ይግባ። በየማሽኑ መስመር ላይ ተንሸራታች መዝጊያ አድርጉና የማይሠራበትን ዝጉ። መጋጠሚያዎቹን በሚገባ አሽጉ። መሳቡን ለመፈተን ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ወደ ቱቦው አፍ አስጠጉ፤ ክብሪት ወይም የዕጣን ጭስ ግን በፍጹም! ደቃቅ የእንጨት ብናኝ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። በዚሁ ምክንያት የላሜራውን ቱቦ ከመሬት ጋር በሽቦ አገናኙት፤ የብረት ሞረድና የብየዳ ብልጭታም ወደዚያው ቱቦ አይግባ። ከረጢቱ ደቃቁን የማይዝ ከሆነ ማሽኑን ከሥራ ክፍሉ ውጭ፣ ከጎረቤት በርና መስኮት አርቃችሁ አቁሙት።

ማስክስ? ማስክ ያስፈልጋል፤ ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው። በፊት ላይ የሚታሰር ሻሽም ሆነ ተራው የሕክምና ማስክ ደቃቁን አያስቀርም፤ ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ በደንብ ሲገጥም ይሻላል። ልብስን በኮምፕሬሰር ማራገፍና በደረቅ መጥረግም የተቀመጠውን ብናኝ መልሶ ያስነሣዋል። ልብሳችሁን እዚያው ቀይሩ፤ አቧራውን ለልጆቻችሁ ይዛችሁ አትግቡ።

«አቅሙ ከየት ይመጣል?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ማሽኑን የገዛ ሰው ቱቦውን ለጎረቤቱ ላሜራ ሠሪ ማዘዝ አያቅተውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በማኅበር ተደራጅተው ለራሳቸው የሚሠሩ ወጣቶችን ግን ማን ይጠብቃቸው? የከተማ አስተዳደሮች ለእንጨት ሥራ ሼድ ሲሠሩ መብራት እንደሚያስገቡ ሁሉ የአቧራ ማስወጫ መስመርንም ከዲዛይኑ ጀምሮ ሊያካትቱ ይገባል እላለሁ። አንድ የጋራ መስመር ለብዙ ሥራ ቤት ይበቃል፤ በኋላ ግድግዳ ከመብሳትም ይረክሳል።

ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየባችሁ ለሳንባ ነቀርሳም ስለምንመረምር ሳትዘገዩ ኑ። በአንድ በኩል ብቻ የሚደፈን ወይም ደጋግሞ የሚደማ አፍንጫንም ችላ አትበሉ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ሥራችሁን ንገሩት።

ያ አናጺ ዛሬ ሦስቱንም ማሽኖች በሰፊ ቱቦ አገናኝቷል። ሰኞ ከሰዓት ቀሎታል፤ መድኃኒቱን ግን አሁንም ይወስዳል። ሳንባ አንዴ ያጣውን ሁሉ አይመልስምና። ለማጁ ልጅ ግን ገና ሙሉ ሳንባ አለው። ቱቦው በቶሎ መገጠም ያለበት ለእርሱ ነው።