የቶርታው ጉድለትና ዋጋው

ረመዳን ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ሲጠጋ፣ በድሬዳዋ ብዙ ቤቶች ከሳምቡሳው መጥበሻ ጎን ሌላ ሥራ ይጀመራል። ለዒድ የታዘዘ ቶርታ ይጋገራል። ከዒድ በኋላ ኒካሑና ሠርጉ ስለሚከተል ትእዛዙ ይቀጥላል። ሐላዋና ሙሸበክ ገዝቶ ዒድን ይቀበል የነበረ ቤት፣ ዛሬ የልጁ ስም የተጻፈበት ባለ ሁለት ኪሎ ቶርታ ከጎረቤት ያዝዛል። ሠሪዎቹ አብዛኞቹ እናቶችና ወጣት ሴቶች ናቸው። ሱቅ የላቸውም፤ ማስታወቂያቸው የበላ ሰው ምስክርነትና የስልክ ፎቶ ነው።

ቶርታው እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር ምን ይደረግ? ዋጋውስ? እኛ እንደምናየው፣ ብዙዎች መቀነስ የማይገባቸውን ይቀንሳሉ፤ መናገር የሚገባቸውን ደግሞ ዝም ይላሉ።

የድሬን ሙቀት የማያውቅ ሰው ክሬም ለምን እንደሚረግብ አይገባውም። ቅቤ ከ30 ዲግሪ አለፍ ሲል መቅለጥ ይጀምራል፤ የእኛ ከተማ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይህን ቁጥር ማለፍ ልማዷ ነው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ከተራዊህ በኋላ፣ ሌሊት ላይ የሚቀቡት ለዚህ ነው። መብራት ከሄደ ፍሪጅ ውስጥ ያለው የክሬም ጽጌረዳ አንገቱን ይደፋል። ከሳቢያን ከዚራ ድረስ በባጃጅ ሲጓዝም መንገዱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ጠርዙ ይጫናል፣ «ዒድ ሙባረክ» የሚለው ጽሑፍ ይንሻፈፋል።

በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ የታወቀ ሐዲስ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣታቸውን እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም ተናገሩ። ሐዲሱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ ግን ዝናቡ ላይ ቆም እንላለን። ሰውየው ዝናቡን አላመጣውም፤ በዝናቡም አልተወቀሰም። የተወቀሰው ደረቁን ከላይ አድርጎ እርጥቡን በመሸፈኑ ነው። የድሬ ሙቀትም ለቶርታ ሠሪ እንደዚያ ዝናብ ነው።

ስለዚህ አበባው የረገበበት ቶርታ ይዛ ደንበኛ ፊት የምትቀርብ ሴት እንደ ጥፋተኛ ማቀርቀር የለባትም። ከቤት ከመውጣቱ በፊት ፎቶ አንስታ፣ «እህቴ፣ በዚህ ጎኑ አበባው ረግቧል፤ ላስተካክለው ወይስ ልቀንስልሽ?» ብላ ብትልክ ግዴታዋን ተወጥታለች። ምርጫው የገዢዋ ይሆናል።

ከባዱ ዓይን የማያየው ነው። ክሬም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ እውነቱን ለመናገር የሙያው ግማሽ መሸፈን ነው። የተሰነጠቀን ኬክ በክሬም መሙላት ማታለል አይባልም፤ ጣዕሙ አልጎደለም፣ ሁሉም ሠሪ የሚያደርገው ነው። ከሦስት ቀን በፊት የተጋገረውን «ዛሬ የወጣ ነው» ማለት፣ የቅቤ ዋጋ ተቀብሎ ማርጋሪን መቀባት፣ ከሥሩ ያረረውን ፍቆ ምሬቱን በሽሮፕ መደበቅ ግን እርጥቡን እህል ከሥር ማድረግ ነው። ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራ፣ ማጣፈጫው አልኮል እንዳለበት ከማሸጊያው ላይ አንብቦ መናገርም ከዚሁ ይቆጠራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነገር ግን ሳሎን ውስጥ የሚደረግን ንግድ የሚጠብቀው ከአዋጁ ይልቅ የሠሪዋ አማና ነው።

ድሬ ደግሞ የጎረቤታሞች ከተማ ናት። ባለፉት ዓመታት ረመዳን ከዓቢይ ጾም ጋር ሲገጣጠም አይተናል። ክርስቲያን ጎረቤት «የጾም ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ እንቁላልና ወተት የነካውን «አዎ» ብሎ መስጠት ገንዘብ በመመለስ የሚካስ በደል አይደለም። የጾመ ሰው የጿሚን ነገር ያውቃል።

የኪሎው ጉዳይ ለብቻው ነው። ሁለት ኪሎ ተብሎ የተሸጠው ከነሰሌዳውና ከነካርቶኑ ሁለት ኪሎ ከሆነ፣ ይህ የመልክ ጉድለት አይደለም፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን የምትናገርለት የሚዛን ጉዳይ ነው።

ታዲያ ሲጎድል ምን ያህል ይቀነስ? መጀመሪያ የተጎዳው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይታይ። የ2,000 ብር ቶርታ ውስጥ 400 ብሩ የማስጌጫው ዋጋ ነው እንበል። በአንድ ጎን አበባው ከረገበ የሚቀነሰው ከ400ው ላይ ነው፤ ኬኩ ትኩስ ነው፣ ክብደቱም ሙሉ ነው። በኀፍረት ግማሽ ዋጋ መልሰው በኪሳራ የሚያድሩ ሴቶች ግን ጥቂት አይደሉም። በአንጻሩ እንግዳው ከተበተነ በኋላ የደረሰ ቶርታ ምንም ቢያምር ሙሉ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም። የታዘዘው ለዚያ ሰዓት ነበርና።

የመነሻው ዋጋ ራሱ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ለዱቄቱ፣ ለእንቁላሉ፣ ለስኳሩና ለቅቤው 1,100 ብር፣ ለካርቶንና ለሰሌዳ 150፣ ለመብራትና ለባጃጅ 100 ብር የወጣበትን ቶርታ በ1,500 ብር የምትሸጥ ሴት፣ ለስድስት ሰዓት ድካሟ የምታገኘው 150 ብር ነው። በሰዓት 25 ብር መሆኑ ነው። ይህችው ሴት አንድ ጊዜ 300 ብር ከቀነሰች ከኪሷ ከፍላ ነው የሠራችው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ስለሚለዋወጥ፣ የዓምናን ሒሳብ ይዞ ለዘንድሮ ዒድ ዋጋ መናገር አያዋጣም። ቀፊራ ወርዶ የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ መጻፍ ይሻላል።

ገዢውም ድርሻ አለው። «ቤት የተሠራ አይደል እንዴ? ለጎረቤት ደግሞ ይሄን ያህል?» የሚለውን ቃል የማታውቅ ሠሪ የለችም። በረመዳን ለሶደቃ እጁን የሚዘረጋ ሰው፣ ልጆቿን በምድጃዋ ከምታሳድግ ሴት ላይ 200 ብር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት ሲከራከር ማየት ያሳዝናል። በነቢዩ ዘመን ዋጋ ሲንር ሰዎች ተመን እንዲያወጡላቸው ጠይቀዋቸው፣ በማንም ላይ በደል ይዘው ጌታቸውን መገናኘት እንደማይፈልጉ ገልጸው እምቢ ማለታቸው ተዘግቧል። የሻጭም ሐቅ ሐቅ ነው። ለዘመድ መስጠት የፈለገች ሴት ደግሞ ዋጋዋን ሳታፈርስ ስጦታ ብላ ትስጥ፤ አንድ ሳህን ኩኪስ ጨምራ ብትልክ ዝምድናውም ዋጋውም ይቆማል።

ገና ያልተሠራን ነገር አዝዞ ማሠራት በፊቅህ ኢስቲስናእ ይባላል፤ በዝርዝሩ ላይ ዑለሞች ቢለያዩም፣ የሚሠራው ነገር ከወዲሁ በግልጽ መታወቅ እንዳለበት ያስተምራሉ። ኪሎው፣ የክሬሙ ዓይነት፣ የስሙ አጻጻፍ፣ ቀብዱና የሚወሰድበት ሰዓት በስልክ መልእክት ይጻፍ። የምትጋግረው እየጾመች ስለሆነ ከሊጡ አንድ ትንሽ ኬክ ለብቻ ጋግራ በኢፍጣር ብትቀምስ፣ ቅቤ ከመቀባቷ በፊት ጣዕሙን ታውቃለች።

ከሁሉ የሚረሳው ግን ጨረቃው ነው። ዒዱ በ29 ይሁን በ30 የሚታወቀው በዋዜማው ምሽት ነው። ቶርታው ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ዒዱ በአንድ ቀን ቢዘገይ፣ ያ የአንድ ቀን ዕድሜ የማን ነው? ይህ ቀብዱ በሚሰጥበት ዕለት መነጋገሪያ ይሁን። ብልሆቹ ኬኩን በ28 ጋግረው ያስቀምጡና፣ የጨረቃው ዜና እስኪሰማ ክሬሙን ሳይነኩ ይጠብቃሉ።