መጽሐፉ በነፃ ተሰጥቶናል፤ መተርጐሙ የእኛ ፈንታ ነው

ፈረንሳይኛ ለአገራችን እንግዳ ቋንቋ አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ቋንቋውም አብሮት ገብቷል፤ ዛሬ «ለገሐር» የምንለው ስም ፈረንሳዮች የባቡር ጣቢያን የሚጠሩበት ቃል ነው። ፈረንሳይኛ ከጐረቤታችን ከጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ከሚሠራባቸው ቋንቋዎችም አንዱ ነው። ስለዚህ ይህን ቋንቋ ለመማር የሚነሣ ተማሪ ቅንጦት አማረው ሊባል አይገባም።

ነገር ግን ጀማሪው ገና ከደጃፉ የሚገጥመው የመጽሐፍ ዋጋ ነው። መግዛት ያልቻለው ገጹ የጐደለ ፎቶ ኮፒ ይዞ ይንከራተታል፤ ወይም ተስፋ ቈርጦ ይተወዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደኅና መማሪያ በነፃ ተዘርግቶ ሳለ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከእነዚህ መማሪያዎች ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ። በአሜሪካ አገር በኦስተን ከተማ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 «ፍራንሴ ኢንተራክቲፍ» የተባለ የጀማሪዎች ትምህርት በኢንተርኔት አውጥቷል። 13 ምዕራፎች አሉት፤ በቪዲዮውም ሊዮን ከተማ ሄደው የተማሩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይታያሉ። ሁለተኛው የአሜሪካ መንግሥት ዲፕሎማቶቹን ለማስተማር ያዘጋጀው የድምፅ ትምህርት ነው። ልምምዱ ጠንካራ ነው፤ ዳሩ ግን አርጅቷል፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2002 በዩሮ የተካችውን ፍራንክ ገና ይቈጥራል። ሦስተኛው የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ራዲዮ በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያሰማው የ10 ደቂቃ ዜና ሲሆን፣ ጽሑፉም አብሮ ይገኛል። ይህ ግን ለፍጹም ጀማሪ ሳይሆን ጥቂት ለተራመደ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። በነፃ የሚገኝ ሁሉ ክፍት አይደለም። ዜናውን ያለ ክፍያ እንሰማለን እንጂ እንደ ፈቀድን አባዝተን ልናሰራጨው መብት የለንም። የቴክሳሱን መጽሐፍ ግን፣ ምንጩን እስከ ጠቀሰ ድረስ፣ ማንም ሊያባዛው፣ ሊያሻሽለውና ሊተረጉመው ፈቃድ ተሰጥቶታል። ዋናው ሀብት ይህ ፈቃድ ነው፤ እኛም እስካሁን አልተጠቀምንበትም።

መጽሐፉ የተጻፈው እንግሊዝኛ ለሚናገር ሰው ነው። እንግሊዙ አንድን ሰው በሁለት ዓይነት «አንተ» መጥራት ስለማያውቅ «ቱ» እና «ቩ» በረጅሙ ሊብራሩለት ይገባል። «አንተ» እና «እርስዎ» እያለ ላደገ ልጅ ግን አንድ መስመር ይበቃዋል፤ የሚጨመርለት «ቩ» ለ«እናንተ»ም ማገልገሉ ብቻ ነው። ግስ በባለቤቱ መለዋወጡም፣ ስም በተባዕትና በአንስታይ መከፈሉም ለእኛ አዲስ አይደለም። ጠረጴዛ በእነርሱ ዘንድ ሴት መሆኗን በቃል ማጥናት ግን አይቀርልንም። በአንጻሩ በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች በአማርኛ የሉም፤ «ቱ» በሚለው ቃላቸው ያለው አናባቢም ከንፈርን እንደ «ኡ» አሞጥሙጦ «ኢ» በማለት የሚገኝ ነው። ይህን የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ለእኛ ብሎ ሊነግረን አይችልም። በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ፈረንሳይኛ የሚማር ተማሪ አንድ ወንዝ ሁለት ጊዜ ይሻገራል።

መጽሐፍ መምህርን አይተካም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የተማሪን ስሕተት የሚያርመው መምህር ነው። ነገር ግን መምህሩ ሰዓቱን በሰሌዳ ላይ ቃላት በመጻፍ ከሚጨርስ፣ ተማሪው መጽሐፉን አንብቦ ቢመጣለት ሰዓቱ ለንግግር ይተርፈዋል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉንና ድምፁን በኮምፒዩተሮቹ ላይ ይጫን፤ ኢንተርኔት መግዣ የሌለውም በፍላሽ ይቅዳ። ማኅበራችን ጥቂት ቅጂ ያሳትም። የፈረንሳይኛ ተማሪዎችም 13ቱን ምዕራፎች ተከፋፍለው ወደ አማርኛ ይመልሱ፤ መምህራኑም ያርሙላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ምዕራፍ ለመተርጐም ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስሙን ያስመዝግብ። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ጀማሪ የጐደለ ገጽ ይዞ እንዳይንከራተት ማድረግ በእጃችን ነው።