«የድሮ ብረት» ውዳሴ ይብቃን

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ይቁም፤ ከሻይ ቤት በረንዳ ፍርዱ ወዲያው ይመጣል፦ «መኪና ማለት ይሄ ነው! የድሮ ብረት! የአሁኑ ቆርቆሮ ነው።» ባለጋራዡም ባለቤቱም ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል።

ከስሙ እንጀምር። የሚወደሰው «ብረት» በአብዛኛው ሻንሲው ላይ ነው፤ የአካሉ ቆዳ ግን በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነት ገና መውጣቷ ነበር፤ ብረትም በኮታ ይታደል ነበር። ችግር የወለደውን እኛ የጥንካሬ ምልክት አደረግነው።

ጉልበቱስ? ብዙ የሚታወቀው 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር በባሕር ጠለል ላይ የሚሰጠው ከ70 እስከ 80 የፈረስ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሲሳሳ እንዲህ ያለው ሞተር ሩብ ያህል አቅሙን ያጣል። ካርቡራተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፤ ጥቁሩን ጭስ የሚጠጣው ከኋላ ያለው እግረኛ ነው። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት «ታጋሽ ነው» እንላለን። ታጋሹስ ከኋላ የተሰለፈው ሚኒባስ ነው።

የመንገድ ጠባዩ ይብሳል። በቀድሞዎቹ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ያለ ጩኸት እንዲገባ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥ ያሻል። ባዶውን ሲሄድ ባሌስትራው ያነጥረዋል። ከሁሉ የከፋው ፍሬኑ ነው፤ በነዚሁ በቀድሞዎቹ ላይ ዘይቱ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሄድ አንድ ጎማ ጋ ካፈሰሰ አራቱም ይከዳሉ። ይህን ይዞ ከዊንጌት ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው የቀለበት መንገድ መብረር ጀግንነት አይደለም።

ውለታውን አልክድም። መንገድ በሌለበት ሐኪምና መሐንዲስ አድርሷል፤ ጥቂት ቁልፍ የያዘ ሰው ፈትቶ ይገጥመዋል። ይህ ግን ለመጠገን መመቸት ነው፤ ከብቃት ጋር አናምታታው። ደግሞም የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው፤ በየመንገዱ የወደቁት ተበልተው አልቀዋል፣ አሉሚኒየማቸው ቀልጦ ድስት የሆነም አይጠፋም። ስለነሱ ሻይ ቤት ውስጥ ማንም አያወራም።

አንዴ የአንዱ ላንድሮቨር ኮፈን ተከፍቶ አየሁ። ሞተሩ የጃፓን ነው፤ ካምቢዮ፣ ኩሺኔታ እየተባለ የሚጠራው ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፤ የጎደለውን ቀጥቅጦና በይዶ የሞላው የሰፈር መካኒክ ነው። ከእንግሊዝ የቀረው ስሙና ጆንያ የመሰለው ወንበር ነበር። ታዲያ ውዳሴው ለማን ነው?

«የድሮ ብረት አይነካም» የሚለው እምነት መካኒኩን ክብሩን፣ መኪናውንም ምርመራውን ይነሳዋል። አይነካም የተባለ ነገር አይመረመርማ! ላንድሮቨራችሁን የምትወዱ፣ ከማሞገሳችሁ በፊት የፍሬኑን ጎማ ቀይሩለት።