ኤስኤስዲ ባትሪ አይደለም!

ልጆች፣ «ኤስኤስዲ አስገባ፣ ባትሪህ እጥፍ ይቆያል» የሚላችሁን ነጋዴ አትመኑት። እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከረው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ሥራ ላይ ሲሆን የሚበላው 2 ዋት ገደማ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ይቀንሳል። ላፕቶፑ በጠቅላላው 10 ዋት የሚወስድ ከሆነ፣ ዲስኩን ነቅላችሁ ብትጥሉት እንኳ የ4 ሰዓቱ ባትሪ ከ5 ሰዓት አያልፍም። እጥፉ ታዲያ የታለ? ዋናዎቹ በላተኞች ስክሪኑና ፕሮሰሰሩ ናቸው።

እኔ ኤስኤስዲን አልጠላም። ፍጥነቱ እውነት ነው፤ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ቢንገጫገጭም በቀላሉ አይጎዳም። ለዚህ ከሆነ ግዙት። ያረጀ ባትሪ መድኃኒቱ ግን አዲስ ባትሪ ነው። የተማሪን ብር በውሸት ተስፋ መብላት ንግድ አይባልም! እስከዚያው የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፤ እሱ በነፃ ነው።