የደንበኛ ፊት የዕዳ መያዣ አይደለም

ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ፕሬዚዳንት
አዲስ አበባ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በባንኩ ሲስተም ላይ ደርሶ ደንበኞች የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ እንዲያወጡ ያስቻለውን ብልሽት እርስዎ ከማንም በላይ ስለሚያውቁት በዝርዝር አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ያጻፈኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጋቢት 20 ቀን በቅርንጫፎቻችሁ ደጃፍ ላይ የታየው ነው፤ ገንዘብ አልመለሱም የተባሉ ሰዎች ስም ከነፎቶግራፋቸው ተለጥፎ ነበር። ከ500 በላይ ሰዎች ስምም ከነሒሳብ ቁጥሩ ይፋ ወጥቷል። ባንኩ ይህን በየትኛው ሕግ እንዳደረገው እስካሁን አልሰማንም። በትዕግሥት መጠበቃችን እንደ መስማማት መቆጠር ጀምሯል።

ባንክ የደንበኛውን ጉርድ ፎቶግራፍ የሚይዘው ገንዘቡን ሌላ ሰው መጥቶ እንዳይወስድበት ነው። ለጥበቃ የተሰጠን ነገር ማዋረጃ ማድረግ አደራ መብላት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ማሳየትን ይከለክላል። የባንኩ የሕግ ባለሙያዎች አንቀጽ 28ን እንደሚጠቅሱ አውቃለሁ፤ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ ይፈቀዳል። ግን ፍትሕ የሚፈልገውን የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ ገንዘብ ጠያቂው ራሱ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛ ነው እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱን ያስከብራል። እነዚህ ሰዎች ገና ክስ እንኳ ሳይመሠረትባቸው ባንኩ ከሳሽም ዳኛም ሆነባቸው።

«የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ ወስደዋል» ይባላል። የወሰደ ይመልስ፤ ያለ አግባብ የበለጸገ እንዲመልስ የሚያስገድድ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ አለን፣ ወንጀል ካለበትም ዐቃቤ ሕግ አለ። «ማሳፈሩ ገንዘቡን አስመለሰ» ይባላል። ባንኩ ራሱ እንደገለጸው ግን ፎቶው ሲለጠፍ በዚያ ሌሊት ከወጣው 801 ሚሊዮን ብር ሦስት አራተኛ ያህሉ ተመልሶ ነበር። የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበት የነገረንም ባንኩ ነው፤ ስለዚህ በሩን የከፈተው የራሱ ሲስተም ነው። ሲስተሙን የሚመሩት ኃላፊዎች ፎቶ ግን በአንድም በር ላይ አልተለጠፈም፤ መለጠፍም የለበትም። ለሹሙ የተጠበቀው ክብር ለደንበኛው ሲሆን ለምን ተነፈገ?

ቅጣቱም ልክ የለውም። እንደ ሲኤምሲ ባለ ሰፈር በባንክ በር ላይ የተለጠፈን ፎቶ ከሚካኤል የሚመለሱ እናቶች፣ የአያት ታክሲ የሚጠብቅ ተማሪ፣ የዕድሩ ጸሐፊ ሁሉ ያዩታል። ሰውዬው በማግስቱ ከፍሎ ወረቀቱ ቢነሣ እንኳ፣ አንዱ በስልኩ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ የለቀቀውን የሚያወርድለት የለም። ዛሬ ቀጣሪና አከራይ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስልካቸውን ነው። የስም መመሳሰል በበዛበት አገር ደግሞ ዳፋው ምንም ላልወሰደውም ይተርፋል።

ስለዚህ ባንኩ በገጾቹ ላይ የቀረ ዝርዝር ካለ እንዲያነሣ፣ ስማቸው የወጣውን ሁሉ፣ የከፈሉትንም ያልከፈሉትንም፣ በይፋ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ የዚያን ሌሊት ብልሽት በገለልተኛ ባለሙያ አስመርምሮ ውጤቱን እንዲያሳውቅ እጠይቃለሁ። በዚህ አላበቃም። ብሔራዊ ባንክ ማንኛውም ባንክ የደንበኛን ፎቶ ለዕዳ ማስከፈያ እንዳያውል በመመሪያ ይከልክል። ወረቀቱ ከተለጠፈ ከስድስት ቀን በኋላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀውን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲያስፈጽም ኃላፊነት የተጣለበት የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከመንግሥት ተቋማት ይጀምር። የጣት አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል የሚሰበስበው የፋይዳ መታወቂያም መረጃው ለማን፣ ለምን እንደሚሰጥ ለእያንዳንዱ ባለቤት ይንገር። ምክር ቤቱም ስሙ ያለ ፍርድ በአደባባይ የተሰጣ ሰው ካሣ የሚያገኝበትን አጭር መንገድ ይደንግግ።

ይህን የምታነቡ ከ38 ሚሊዮን በላይ የሒሳብ ባለቤቶች፣ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይምሰላችሁ፤ የሁላችንም ፎቶ እዚያው ፋይል ውስጥ ነው። ክቡርነትዎም መልስዎን እንደ ወረቀቱ ሁሉ በአደባባይ እንዲሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሲኤምሲ ነዋሪዎች አንዱ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት